ስልክዎን ሲያነሳ የዋለው ሰው እኔ ነበርኩ

ለተከበሩ የሥራ አገናኙ ድረ ገጽ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት ፎቅ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ ከድረ ገጽዎ የበረታ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ የሚጫኑት ቁልፍ ሁሉ ገና በመጀመሪያው ጊዜ እሺ የሚልዎ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔና እህቴ እግዜር ይመስገን ደህና ነን። እርስዎ ስለ ደህንነታችን ጠይቀውን ባያውቁም፣ በየማለዳው «እንደምን አደሩ ውድ እጩ! ዛሬ የእርስዎ ቀን ነው!» የሚል መልእክት ስለሚልኩልኝ እንደጠየቁን ቆጥሬልዎታለሁ። እንዲያውም ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ «ውድ» ብሎ የጠራኝ ከእርስዎ ማሽን በቀር ማንም የለም።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እማፀናለሁ። ድረ ገጽዎ ላይ «አስተያየትዎ ለእኛ ወርቅ ነው» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ያለችውን ሳጥን አስቀድሜ ሞክሬያታለሁ፤ ሰላምታዬን ጨርሼ ወደ ጉዳዬ ልገባ ስል ሞልቻለሁ አለች። ታላቅ እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ታይ ነበርና፣ «ታዲያ ወርቅ በትንሽ ዕቃ አይደል የሚቀመጠው?» አለችኝ። በዚህ ምክንያት ሰፋ ያለ ቦታ ወዳለበት መጣሁ።

ማን መሆኔ እርስዎ ዘንድ በዝርዝር ተመዝግቧል፤ ያነበበው ሰው ያለ ስላልመሰለኝ ግን እንደገና ላስተዋውቅ። ከልጅነት እስከ ሽበት የሠራሁት በአንድ የአጥንት ሐኪም ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ እንግዳ እቀበላለሁ፣ የስልክ መስመር አገናኛለሁ። ክንዱ ተሰብሮ የሚጮኸውን፣ ወገቡ ተይዞ በጎኑ የሚገባውን፣ ምንም ሳይሆን ፈቃድ ለማጻፍ ብቻ የሚያነክሰውን ሁሉ መጀመሪያ የማየው እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ሸምግለው ክሊኒኩን ሲዘጉ ሥራዬም አብሮ ተዘጋ። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ነው። እትዬ ነው የምላት። ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ የሰፈራችንን ግማሽ ሰው ጭንቅላቱን ይዛ ወደዚህ ዓለም ያወጣች በመሆኗ፣ ባለሥልጣንም ሆነ ነጋዴ ማንንም አትፈራም።

እትዬ አንድ ወንድ ልጅ አላት። በሌላ ከተማ ሰፊ ቤት ሠርቶ ይኖራል፤ ጥሩ ልጅ ነው። ክሊኒኩ እንደተዘጋ መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠና፣ «አክስቴ ሥራ ካገኘች ጥሩ፣ እንደ ልማዳችሁ እዚሁ ኑሩ። እስከ ክረምቱ መውጫ ካላገኘች ግን ቤቱ ይለቀቅና እማዬን እወስዳታለሁ። ለአክስቴም እናስብላታለን» አለ። «እናስብላታለን» ያለው እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው። እናት የት እንደምትገባ ተነገረ፤ እኔ የት እንደምገባ ግን ንግግሩ ውስጥ አልነበረም። ክቡርነትዎ እንግዲህ ከድረ ገጽዎ ጋር የተዋወቅሁት ለመዝናናት ብዬ አለመሆኑን ይረዱልኝ።

መጀመሪያማ በእግሬ ዞሬ ነበር። የማንኳኳው በር ሁሉ «በኢንተርኔት ነው፣ በድረ ገጹ ግቢ» አለኝ። ገባሁ። ከገባሁ በኋላ የደረሰብኝን መልካም መስተንግዶ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፊቴ። ለመመዝገብ ፎቶግራፍ የግድ ነው ስላሉ እትዬ ግድግዳው ሥር አቁማ በስልኬ አነሳችኝ። ድረ ገጽዎ ለአፍታ ሲሽከረከር ቆየና በቀይ ጽሑፍ «ፊት አልተገኘም» አለ። ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ፤ ፊት አልተገኘም። ሻሼን አወለቅሁ፤ አልተገኘም። ፈገግ ብል ጭራሽ «ምስሉ የዕቃ ይመስላል» አለኝ። እትዬ ስልኩን ከእጄ መንጭቃ፣ «ስማ አንተ! እናታችን ይቺ ልጅ ዓይን አፋር ናት ትል ነበር እንጂ ፊት የላትም ብላ አታውቅም!» ብላ ጮኸችበት። አልሰማትም። በመጨረሻ በደስታ የተቀበለው ከባለቤቴ ቀብር ማግሥት ለመታወቂያ የተነሳሁትን ነው፤ ከሥሩም በራሱ ጊዜ «ተግባቢና ደስተኛ» የሚል ምልክት ለጠፈልኝ። ስለ አስተዋይነቱ ምስጋናዬ ይድረሰው።

ሁለተኛ፣ ስለ አጥንት። ሙያዬን ስጽፍ «በአጥንት ሐኪም ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይና መስመር አገናኝ» ብዬ ነበር። ድረ ገጽዎ ከዚህ ሁሉ ቃል ውስጥ «አጥንት»ንና «መስመር»ን ወደዳቸው። በማግሥቱ «ይህ ሥራ ለእርስዎ የተሰፋ ነው!» ብሎ የላከልኝ የከፍተኛ ኃይል የኤሌክትሪክ መስመር ዘርጊነት ነው። ከፍታ የማይፈራ፣ የራሱ ሄልሜት ያለው ይላል። እትዬ ሳቋ እንባዋን እስኪያመጣው ድረስ ሳቀችና፣ «እስቲ ምሰሶው ላይ ሆነሽ ወደ ቤት ስትጠሪኝ ልየው» አለች። እኔ ከወንበር ላይ ቆሜ አምፖል ስቀይር እንኳ እሷ ናት ቀሚሴን የምትይዘኝ።

ሁለተኛው ጥቆማ የመጣው ከሥጋ ቤት ነው፤ «አጥንት በመለየት ልምድ ያለው»። ይህን እንኳን ልተወው ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ጥቆማ ሦስት ጊዜ ያለፈ ሰው «ፍላጎት የሌለው» ተብሎ ወደ ኋላ ይጣላል የሚል ማስጠንቀቂያ ስለላኩብኝ፣ የደህና ቀን ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። ባለቤቱ ነጭ ካፖርቱ ደም በደም የሆነ፣ ድምፁ ግን ለስላሳ የሆነ ሰው ነው። ከላይ እስከ ታች አየኝና ቢላውን አስቀመጠ።

«እህቴ፣ አንቺንም ድረ ገጹ ነው የላከሽ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«እኔ የምፈልገው ጉልበት ያለው አንድ ሰው ነበር። መጀመሪያ የላኩልኝ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ደም ሲያይ እዚህች ጋ ወደቀ። ቀጥሎ የቋንቋ አስተማሪ መጣ። አሁን ደግሞ አንቺ። እንዲያው በእግዜር፣ የሚልኩልኝን ሁሉ ሰብስቤ ትምህርት ቤት ልክፈት?»

ተሳሳቅን። ወንበር አቅርቦ አስቀመጠኝ፤ ውሃ አስመጣልኝ። ስሄድ በወረቀት የተጠቀለለ የሾርባ አጥንት እጄ ላይ አደረገልኝና፣ «ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ባዶ እጅ መግባት ሞራል ይነካል» አለኝ። በድረ ገጽዎ በኩል እስከዚያ ቀን ድረስ ያገኘሁት ጥቅም ቢኖር ይኸው ነው፤ ሾርባው ግሩም ነበር።

ሦስተኛ። ይህን ክፍል መሙላት ግዴታ አይደለም። እርስዎ ዘንድ ሁሉም ነገር ግዴታ ስለሆነ፣ አንድ ባዶ ቦታ ዓይቶ ማለፍ ምን ያህል ልብ እንደሚያሳርፍ ይቅመሱት ብዬ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ቪዲዮው ቃለ መጠይቅ። አንድ ቀን «እንኳን ደስ አለዎት፣ ለቃለ መጠይቅ ተመርጠዋል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ጠያቂው ሰው ሳይሆን ራሱ ድረ ገጹ መሆኑን ያወቅሁት ፀጉሬን ተተኩሼ፣ ጠረጴዛውን አልብሼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ጥያቄ በጽሑፍ ይመጣል፤ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ እኔ የራሴን ፊት እያየሁ እመልሳለሁ። በዚያ ላይ ከግድግዳው ወዲያ ያለው አናጺ ጎረቤታችን ያን ዕለት የሚመታው ምስማር ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ይገባ ነበር። «ከአስቸጋሪ ሰው ጋር እንዴት ይሠራሉ?» የሚለው ሲመጣ «እንግዲህ... እንደ ሰዉ ነው...» ማለት ጀመርኩ። እትዬ የታጠበ ልብስ በሳፋ ተሸክማ በኋላዬ ስታልፍ አንብባው ኖሯል፤ «እኔን ጠይቁኝ፣ ከእሷ ጋር የምኖረው እኔ ነኝ!» ብላ አለፈች።

ውጤቱ ወዲያው መጣ። የእኔ መልሶች «ግልጽነት የጎደላቸው፣ በራስ መተማመን የማይታይባቸው» ተባሉ። ከፍተኛውን ምልክት ያገኘችው «አጭር፣ ቁርጥ ያለችና ሐቀኛ» የተባለችው የእትዬ መልስ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ውሃ አቀብዪኝ ባልኳት ቁጥር «በራስ መተማመን አይታይብሽም» እያለች አሳሬን አበላችኝ። ቤት ውስጥ ሳቅ እንዳይጠፋ ስላደረጉልን ዕድሜ ይስጥዎ።

አምስተኛው ስለ ራስዎ ቢሮ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ከበድ ቢለኝ ይታገሡኝ፤ ከዚህ ወዲያ የሆነውም በተራ ቁጥር የሚሄድ ስላልሆነ ቁጥሩን ትቼዋለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የእትዬ ልጅም ለዕቃ ማሸጊያ ብሎ ካርቶን በላከልን ሰሞን፣ ድረ ገጽዎ ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። ቀጣሪው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው። ሥራው እንግዳ ተቀባይና ስልክ አንሺ ነው፤ «በአስቸኳይ» ይላል። እትዬን ጠርቼ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ደጋግማ አነበበችውና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቀልድ፣ «ይሄስ አንቺን ነው የሚለው» አለች። ሁለታችንም አብረን ሞላነው። «ላክ» የሚለውን ተጭኜ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሳላሳርፍ መልስ መጣ፤ «ማመልከቻዎን በጥሞናና በቂ ጊዜ ወስደን ከመረመርን በኋላ ብቁ ሆነው እንዳላገኘንዎ ስንገልጽ እናዝናለን።» ማዘንዎን አመንኩ። የማዘኑ ፍጥነት ግን አስደነገጠኝ።

ቆሽቴ አረረ። በማግሥቱ ማልጄ ሕንፃዎ ድረስ መጣሁ። በሩ ላይ ሁሉም «ሻምበል» የሚለው፣ ውትድርና ግን በዞረበት ዞሮ የማያውቅ ጥበቃ አለ። «ሥራ ፈላጊ በአካል አይገባም እናቴ፣ በድረ ገጽ ነው» አለኝ። «አቤቱታ ነው» ብለው፣ «እሱም በድረ ገጽ ነው» አለ። ወደ ውስጥ አሻግሬ ሳይ፣ የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ባዶውን ነው። ከፊቱ ሰው ተኮልኩሏል፤ ስልኩ ይጮኻል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይጮኻል። «ኧረ ይሄ ስልክ!» አልኩት። «ቦታው ከተለቀቀ ቆየ፤ ሰው ስለሌለ እኮ ነው ማስታወቂያ የወጣው» አለኝ። ከዚያ ፊቴን አይቶ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ስሜንና ስልክ ቁጥሬን መዝግቦ የእንግዳ ካርድ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝና፣ «ውስጥ ሆነሽ ጠብቂ፣ ማንም ከጠየቀሽ ግን እኔ አላየሁሽም» አለ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ስልክ እየጮኸ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። ልጅ ሲያለቅስ ዝም ብላ የምትቀመጥ እናት ካለች እሷ ትፍረድብኝ። ሄድኩና አነሳሁት። ከዚያ ሌላው መስመር ጮኸ፤ እሱንም አነሳሁ። የተኮለኮለው ሰው ዞር ሲል እኔ ጠረጴዛው ጋ ነኝ፤ ተራውን ይዞ መጣ። አንዷ የልጇ ስም ተሳስቶ ተመዝግቦ፣ አንዱ ሳያመለክት ተቀጥረሃል ተብሎ፣ አንድ አዛውንት ደግሞ ድረ ገጹ ሞተዋል ብሎ መለያቸውን ዘግቶባቸው ነው የመጡት። ለሁሉም መልስ አልነበረኝም። ግን ቁጭ በሉ አልኳቸው፤ የሰው ወግ ነውና ቁጭ አሉ።

እርስዎ የገቡት ይሄኔ ነው። መልክዎን ከድረ ገጹ ስለማውቀው ተነስቼ ቆምኩ። በእጅዎ ስልክዎን እየነካኩ ቀና ብለው፣ «አዲሷ ነሽ? ዛሬ ገባሽ? ጎበዝ! በርቺ! ከሰዓት እንግዶች አሉኝ፣ ሲመጡ ወደ አዳራሹ ላኪልኝ» አሉኝና አሳንሰሩ ውስጥ ገቡ። ልጄ ሊሆኑ በሚችሉ ሰው «በርቺ» መባል ሌላ ጊዜ ቢሆን ያናድደኝ ነበር፤ ያን ዕለት ግን አልዋሽም፣ ቀኑን ሙሉ የቆምኩት በዚያች ቃል ነው። ሁሉም ነገር የተስተካከለ መሰለኝ። ለእትዬ ደውዬ «ካርቶኑን አትንኪው» ልላት አስቤ፣ ገና ነው ብዬ ተውኩት።

ሥራዬ እንከን አልነበረበትም አልልም። ሕንፃውን አላውቀውም፤ ከሰዓት በኋላ ክራባት ያደረጉትን እንግዶችዎን ወደ ማዕድ ቤቱ፣ ቧንቧ ሊጠግኑ የመጡትን ሁለት ሰዎች ደግሞ ወደ አዳራሹ የላክሁት እኔ ነኝ። ከቧንቧ ሠራተኞቹ ጋር እጅ ተጨባብጠው ስለ ድርጅቱ የወደፊት ራእይ ገለጻ እንደጀመሩላቸው በኋላ ሰማሁ። ሲወጡ አንደኛው «ደህና ሰውዬ ናቸው፣ ግን ቧንቧው የት እንደሆነ አልነገሩንም» ብሎኛል። ለዚህ ጥፋቴ በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የሥራ መውጫ ሰዓታችሁ ሲቃረብ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወረደች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ቀረብ ብላ፣ «ይቅርታ እናቴ፣ ማን ነው የቀጠረዎት?» አለችኝ። «ማንም አልቀጠረኝም። ስልኩ ሲጮህ አነሳሁት» አልኳት። ስሜን ጠይቃ በእጇ በያዘችው ማሽን ፈለገችና ፊቷ ተቀያየረ። «እርስዎ እኮ ውድቅ ተደርገዋል» አለች፣ የሞት መርዶ የምታረዳ ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እርስዎም በዚያው ቅጽበት ከአሳንሰሩ ወጡ። ነገረችዎ። እርስዎ እኔን አላዩም፤ ማሽኑን አዩ።

«ሲስተሙ ምን ይላል?» አሉ።

«አይመጥኑም ይላል።»

«እንግዲያው ምን ይደረጋል፤ ሲስተሙን መጋፋት አንችልም።»

«ግን እኮ ቀኑን ሙሉ...» አለች ልጅቷ።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ አቅጣጫ፣ በትከሻዬ በላይ ግድግዳውን እያዩ፣ «ለማንኛውም ስልኩ ስለሚጮህ እስከ መዝጊያችን ብትቆዪልን ደስ ይለናል» አሉኝ።

ምን ነክቶኝ እሺ እንዳልኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ተቀመጥኩ። ስልኩን ማንሳቴን ቀጠልኩ። ሆዴ ውስጥ አንድ ተስፋ ነበረች፤ ምናልባት ሲወጡ አለፍ ብለው ቆም ይሉና አንድ ነገር ይሉኛል የምትል። ሠራተኛው ሁሉ ወጣ፤ የመብራቱ ግማሽ ጠፋ። በስተጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ በኩል ከሄዱ መቆየትዎን የነገረኝ ሻምበል ነው። አጠገቤ መጥቶ ቆመና፣ «እናቴ፣ ካርዱን» አለኝ፤ ከአንገቴ አውጥቼ ሰጠሁት። እንባዬን የያዝኩት እሱን ላለማሳዘን ብዬ ነው።

ቤት ስገባ እትዬ ሰሐኖቹን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ትከታለች። የሆነውን ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ቧንቧ ሠራተኞቹ ጋ ስደርስ እንኳን አልሳቀችም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና የጠቀለለቻቸውን ሰሐኖች አንድ በአንድ እየፈታች ወደ መደርደሪያው መመለስ ጀመረች።

«እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ሥራውን አላገኘሁትም እኮ፣ አልሰማሽኝም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ልጅሽስ?»

«ልጄን የወለድኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አይደለም የወለደኝ። ቅዳሜ ይምጣ፣ ምሳውን ይብላ፣ ካርቶኑን ይዞ ይሂድ። ሰው በማሽን የጣለሽ ይበቃል፤ እኔ ደግሞ በመኪና ጥዬሽ አልሄድም።»

ሰሐን መመለሱን አገዝኳት። ቅዳሜ ልጅዋ መጣ፤ ተቆጣ፣ ለመናት፣ አኮረፈ፣ ምሳውን በላ፤ ካርቶኑን ይዞ ሄደ።

ከዚህ በኋላ የሆነው በእርስዎ ትብብር የተገኘ አይደለም፤ ቢሆንም በእርስዎ ስልክ የተገኘ ነውና ልንገርዎ። ያን ዕለት ካነሳኋቸው ጥሪዎች አንዱ የአንዲት የመነጽር ቤት ባለቤት ነበር። ደንበኛ የሚቀበልላት ሰው ትፈልጋለች፤ ድረ ገጽዎ ግን «መስታወት» የሚለውን ቃል ይዞ የመኪና መስታወት ገጣጣሚ ላከላት። በንዴት ጮኸችብኝ፤ አስጨረስኳት። ስትጨርስ፣ «ይቅርታ እህቴ፣ ያናደድሽኝ አንቺ አይደለሽም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሰማኝ ሰው ስላገኘሁ ነው የጮኽኩት» አለችኝ። እኔም ጉዳይዋን ጽፌ ለሚመለከተው ሰው አስተላልፌ ነበር፤ የሚመለከተው ሰው እንደማይኖር መቼ አወቅሁ?

በሳምንቱ ሻምበል ደወለልኝ። «እናቴ፣ አንዲት ሴትዮ ያቺን ስልክ ያነሳችውን ሴት አገናኙኝ እያለች መከራችንን አበላችን። እዚህ ማን ስልክ እንዳነሳ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ቁጥርሽ በር ላይ ተመዝግቦ ስለነበር ሰጠኋት፤ ካጠፋሁ ይቅርታ» አለኝ። አላጠፋም። ሴትየዋ ሱቋ ድረስ ጠራችኝ፤ ቁጭ ብለን አወራን። ስለ ክሊኒኩ፣ ስለ እትዬ፣ ስለ ሥጋ ቤቱ ሳይቀር ነገርኳት። እሷም «ሰኞ መግባት ትችያለሽ?» አለችኝ። ቃለ መጠይቁ እንዳለቀ የገባኝ ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ነው።

አሁን በዚያ ሱቅ ሰው እቀበላለሁ። ዓይናቸው የደከመ ሰዎች ናቸውና በር ላይ ሲገቡ የሚያዩት ገና ጥላዬን ነው፤ በድምፄ ይለዩኛል። እትዬ ደህና ናት፤ በራስ መተማመኔ መሻሻሉን ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች።

ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለራሴ አይደለም። እባክዎ ያንን ስልክ የሚያነሳ ሰው ያስቀምጡ። በሌላው ጫፍ ያለው ሰው የደወለው ማሽኑ አልሰማ ስላለው ነው፤ ቁልፉን ሁሉ ተጭኖ፣ ሳጥኑን ሁሉ ሞልቶ፣ ሰልችቶት፣ ምናልባትም ቤቱ ውስጥ ካርቶን እየታሸገበት ነው። እሱን «ውድ እጩ» ማለቱ ቢቀርበት ግድ የለም፤ ሃሎ ይበቃዋል።

በአሳንሰር ለሚወጡና በጓሮ በር ለሚወርዱ ታላቅነትዎ ያለኝን ወሰን የለሽ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

«ተግባቢና ደስተኛ» በመባል የተመዘገብኩት፣
በሲስተምዎ ብቁ ያልሆንኩት፣
የአንድ ቀን ባልደረባዎ

ማስታወሻ፦ መነጽር ቤታችን የዓይን ምርመራም ያደርጋል። አንድ ቀን ሙሉ ፊት ለፊትዎ የተቀመጠን ሰው ማየት ለተቸገረ ሰው ቀጠሮ ስለማያስፈልግ፣ በተመቸዎት ጊዜ ብቅ ይበሉ፤ ባለሙያዋ ሩቁ ይሁን ቅርቡ የጠፋብዎ መርምራ ትነግርዎታለች። በድረ ገጽ አንመዘግብም። በአካል ነው።